የጋኑ ጭቃ

ጣርማበር ጭጋጉን ቁልቁል ሲለቀው፣
የደብረ ሲናን መንገድ መብራቱን ሲውጠው፣
ከባድ መኪኖቹ ፍሬን ሲያቃጥሉ፣
ቆሎ ሻጮች ሮጠው መስኮት ሲከተሉ፣
እታፈራሁ ቤት ገባሁ፣ ብርዱን ፈርቼ፣
አዲስ ግብር ሰብሳቢ፣ ደብተሬን አንግቼ።

«የቱን ልቅዳ?» አለች። «የሚጣፍጠውን።»
ሳቀች። «ለይና ንገረኝ የምትፈልገውን።»
ሦስት ብርሌ አምጥታ ፊቴ ደረደረች፣
«አፍንጫህን አትመን፣ ይዋሻል» እያለች።
«ማሩ ይሸትሃል ደረቁም ሲቀዳ፣
አበባው አይጠፋም ስኳሩ ቢከዳ።
ይኸኛው ለስላሳ፣ የሦስት ቀን ብርዝ ነው፣
ጨቅላ ነው፣ ቢስቅም የሚያወራው የለው።
ይህ መካከለኛ፣ ከአንድ ወር ያለፈ፣
ግማሽ ማሩ ቀርቶ ግማሹ ያረፈ።
ደረቁ ግን ሠርቶ ማሩን የጨረሰ፣
ከስኳር ተፋትቶ ወደ ራሱ የደረሰ።
ኮምጣጣ አትበለው፣ ያ ሌላ ደዌ ነው፣
ጋን ሲተነፍስ ነው ኮምጣጤ የሚሆነው።»

ቀመስኩ። ሦስተኛው ላይ ፊቴን አጨማደድኩ፤
ሾፌሮቹ ሳቁ፣ እኔም አብሬ ሳቅኩ።
ደግሜ ሳነሳው፣
ወይራ አለው፣ ጭስ አለው፣ የገደል አበባ፣
ስኳሩ ሲወጣ በበሩ የገባ።

ከጓዳው ጥግ አንድ ጋን ባዶውን ቆሟል፣
አፉ ላይ የደረቀ ጭቃ ተጣብቋል።
«ያ የማን ነው?» አልኳት።

«የወንዳፍራሽ» አለች፣ «የባሌ፣ ነፍስ ይማር፤
ጸዳለ ስትወለድ፣ ከይፋት ባመጣው ማር፣
በገዛ እጁ ጥሎ፣ በወይራ ያጠነው፣
አመድና ጭቃ ለውሶ የደፈነው።
ክርስትናዋ መጣ፤ ‹ገና ነው› አለ፤
አሥራ ሁለተኛን ጨረሰች፤ ‹ትንሽ ነው› እያለ፤
ለሠርጓ ድንኳን ተተከለ፣ በሬ ታረደ፣
ጆሮውን ጋኑ ላይ ጥሎ አዳመጠና ‹ይቆይ› ብሎ ሄደ።
ደብረ ብርሃን ወርዶ ቢራ ጭኖ መጣ፣
ዘመድ አዝማዱ ሁሉ የጠርሙስ ጠጣ።

የከፈትነው ለአርባው ነው።
ዳስ ሙሉ ሰው፣ ጭቃው ሲላቀቅ ዝም ያለ፤
ወንድሙ ቀመሰ፤ ዋጠ፤ ‹ይባረክ› አለ፤
ብርሌውን ግን አስቀመጠ፣ እስከ አንገቱ እንዳለ።
ኮምጣጤ ነበር።»

መብራት ጠፋ። ሻማ ስትፈልግ ድምጿን ዝቅ አደረገች፤
ለግብር ሰብሳቢ የማይነገረውን በጨለማ ነገረች።
«ከጭቃው ሥር በጣቴ ልክ ቀዳዳ ነበረች።
እሱ ግሬደር ይዞ ሰላ ድንጋይ ሲያድር፣
በየኅዳሩ በሸምበቆ እቀምስ ነበር።
መጀመሪያ ጌሾው ብቻውን ይጮሃል፤
በሦስተኛው ዓመት እርስ በርሱ ይጣላል፤
በስድስተኛው፣ በሚካኤል ማግስት ማታ፣
ስኳር የሚባል የለም፣ ግን ምላሴ ሲፈታ፣
ያ ሁሉ የቆላ አበባ አንዴ ፈነዳ፤
ብቻዬን ቆሜ ጠጣሁ፣ አንድ ብርሌ፣ ከጓዳ።

‹ዛሬ ነው ቀኑ› ልለው ነበር። ሲመጣ፣
ሳይቀመጥ፣ አቧራውን ሳያራግፍ፣ ጋኑን ሊያይ ወጣ፤
ፊቱን አየሁት። እሱ የሚጠጣው
መጠበቁን ነበር። ታዲያ ምን ልበለው?»

ሻማው ተገኘ። እጇ ጭቃ የነካ ይመስል፣
በቀሚሷ ጠረገችው፣ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ቀስ ስትል።

«መልሼ ደፍኛት ነበር፤ በደንብ ነው የደፈንኳት።
በየዓመቱ በአዲስ ጭቃ ነው የመረግኳት።
ግን ማታ ማታ፣ ቤቱ ጭር ሲል፣ ያብሰለስለኛል፤
የእሱ ‹ይቆይ› ይሁን የእኔ ሸምበቆ፣
ጋኑን ያስተነፈሰው ማን ያውቃል?»

ሒሳብ ጠየቅኳት። የሁለቱን ተቀበለች፤
«የደረቁን፣ የገባህ ቀን ትከፍላለህ» አለች።
ደብረ ሲና ስኖር አሥራ አንድ ዓመት ሆነኝ ዘንድሮ፤
የከተማው ዕዳ ሁሉ ደብተሬ ላይ ሰፍሯል ተቆጥሮ፣
የእኔው ብቻ ሲቀር።